ጣቱ የእኔ ነው፣ ቃሉ ግን የእኔ አይደለም፦ ስለ ሐሰተኛ ሰነድ ለሰሜን ሸዋ የፍትሕና የመሬት ሰዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

በሰሜን ሸዋ ለምትሠሩ ዐቃቤ ሕጎች፣ ዳኞች፣ መርማሪ ፖሊሶችና የመሬት አስተዳደር ሠራተኞች፣ እንዲሁም በሰው ወረቀት ላይ ምስክር ሆናችሁ ለምትፈርሙ ወገኖቼ ሁሉ፤

ደብረ ብርሃን ላይ ለባለጉዳይ ወረቀት የምጽፍ ራፖር ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ 18 ዓመት ሞላኝ። ባለጉዳይ ወረቀቱን ሲያወጣልኝ መጀመሪያ የማየው ማኅተሙን ነው። በጀመርኩበት ጊዜ ሐሰተኛ ወረቀት ራሱን ያጋልጥ ነበር። ከጎማ የተቀረጸው ማኅተም ጠርዙ ይሻክራል፣ ፊደሉ ይወላገዳል፣ የወጪ ቁጥሩ ከቀኑ ጋር አይገጥምም። ዛሬ ኮምፒውተርና ባለቀለም ማተሚያ ያለው ሰው የፈለገውን ቲተር (የስም ማኅተም) እና የመሥሪያ ቤት ማኅተም አስመስሎ ያወጣል። እንዲህ ያለውንም ቢሆን መዝገብ ቤት ሄዶ ወጪውን ያመሳከረ ሰው ይደርስበታል። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ሌላ ዓይነት ወረቀት ነው። ማኅተሙ የቀበሌው፣ ፊርማው የሊቀ መንበሩ፣ አሻራው የባለመሬቷ ነው። የወጪ ቁጥሩም በመዝገብ ላይ አለ። የተጻፈበት ነገር ግን ከላይ እስከ ታች ሐሰት ነው።

የአባቴ እህት መንዝ ውስጥ ይኖራሉ። ቀበሌያቸውንና ወረዳቸውን አልጠራም፤ ጉዳዩ የአንድ ቀበሌ ብቻ አለመሆኑን እዚህ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ አይቻለሁና። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ልጆቻቸው አንዱ ሸዋ ሮቢት፣ ሌላዋ አዲስ አበባ ናቸው። የሚያኖራቸው ሁለት ጥማድ የገብስ መሬትና ጥቂት በጎች ናቸው። አንድ ቀን ከሴፍቲኔት ስም ዝርዝር ጋር የተያያዘ ነገር አለ ተብለው ወደ ቀበሌ ተጠሩ። የጠራቸው የሩቅ ሰው አይደለም፤ የሟች ባላቸው የወንድም ልጅ ነው። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ነበር፣ ቀለምም ነበር። "እህሉ እንዳይቀርብዎ እዚህ ጋ ያድርጉልን" ተባሉ፤ አደረጉ። ያነበበላቸው ሰው አልነበረም። እሳቸውም "አንብቡልኝ" አላሉም። ለእህል የቆመ ሰው ጸሐፊን "አንብብልኝ" ብሎ ሰልፉን እንደማያስቆም ገጠር ያደገ ሰው ያውቀዋል።

የካቲት ላይ ለበልግ እርሻ ሲወጡ የሌላ ሰው በሬ መሬታቸው ላይ ገብቶ አገኙ። አራሹም መሬቱ እንደተሰጠው ነገራቸው። ወረቀቱን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። "ሁለት ጥማድ የእርሻ ይዞታዬን ለጡረታዬ ይሆነኝ ዘንድ በሙሉ ፈቃዴ በስጦታ ሰጥቻለሁ" ይላል። ሦስት ምስክሮች ፈርመዋል። አንደኛው በዚያ ቀን አዲስ አበባ ሕክምና ላይ እንደነበረ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። ከግርጌው ደግሞ ይህ አለ፦ "የስጦታው ቃል ተነቦላቸው በፊታችን አሻራቸውን ማኖራቸውን እናረጋግጣለን።" ማኅተም፣ ቲተር፣ ፊርማ።

ለፖሊስ አመለከትን። ወረቀቱ ለምርመራ ተላከና አሻራው የእሳቸው ነው የሚል መልስ መጣ። እሳቸውም ከመጀመሪያው አልካዱም ነበር። ማኅተሙም እውነተኛ መሆኑ ተረጋገጠ። ከዚያ በኋላ "የተመሳሰለ ወይም የተጭበረበረ ነገር አልተገኘም" ተብሎ መዝገቡ ተዘጋ። ለአክስቴ ስነግራቸው በጋቢያቸው ጫፍ እጃቸውን እየጠረጉ "ልጄ፣ ጣቱ የእኔ ነው፣ ቃሉ ግን የእኔ አይደለም" አሉኝ።

ፊደል ያልቆጠሩት አክስቴ የተናገሩት ሕግ የሚያውቀውን ልዩነት ነው። የሕግ ባለሙያዎች የሰነድ ሐሰትን በሁለት ከፍለው ያዩታል። አንደኛው የሰነዱ አካል ሲበላሽ ነው፤ ፊርማ አስመስሎ መፈረም፣ ማኅተም መቅረጽ፣ ቁጥር ፍቆ መለወጥ፣ በባዶ ወረቀት ላይ ያለ ፊርማን ባለቤቱ ባልፈቀደው ቃል መሙላት ከዚህ ይቆጠራል። ሁለተኛው የሰነዱ አካል ጤነኛ ሆኖ ያልሆነው ነገር እንደሆነ ተደርጎ ሲጻፍበት ነው። ያልተገኘን ምስክር ተገኝቷል፣ ያልተነበበን ተነቧል፣ ያልሰጠን ሰው ሰጥቷል ማለት ነው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ለሐሰተኛ ሰነድ ወንጀሎች ሰፊ ቦታ ሰጥቷል፤ አንቀጽ 375ና ተከታዮቹ ይታወቃሉ። የመንግሥት ሰነድን በሐሰት ማዘጋጀት ደግሞ በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ይታያል። ሁለቱም ቦታ የሚፈለገው ሐሳብ አንድ ነው፤ የሌላውን መብት ለመጉዳት ወይም የማይገባ ጥቅም ለራስ ወይም ለሌላ ለማስገኘት አስቦ ማድረግ። ሕጉ የሚጠይቀው "ማኅተሙ እውነተኛ ነው ወይ?" ብቻ እንዳልሆነ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። በሥራ ላይ ግን ምርመራው ማኅተምና አሻራ ላይ ጀምሮ እዚያው ሲያልቅ ነው የማየው።

ለምን እንደሚያልቅም አውቃለሁ። አሻራና ማኅተም ለባለሙያ ተልኮ "አዎ" ወይም "አይደለም" የሚል መልስ ይመጣበታል። ቃሉ ሐሰት መሆኑን ማረጋገጥ ግን ሰው መጠየቅ ነው። ምስክሩ በዚያ ቀን የት ነበር? ወረቀቱን ማን ጻፈው? ማን አስጻፈው? ስንት ሰዓት ላይ? የሴፍቲኔቱ ዝርዝር በዚያ ቀን በእርግጥ ይፈረም ነበር ወይ? ይህ እግር ያደክማል፣ ከመንዝ ብርድ ጋር ደግሞ ይከብዳል። አያቶቻችን ጥፋተኛ ሲጠፋ አገሩን ሁሉ ሰብስበው አውጫጭኝ ይቀመጡ እንደነበር ይነገራል። የዛሬው መርማሪ ያን ያህል አይጠየቅም፤ ሦስት ምስክሮችን ለየብቻ ቢጠይቅ ይበቃዋል።

ቀበሌ ላይ የሚፈርሙ ሰዎች ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ አንድ ነው፦ "ሥራ በዝቶብኝ ሳላነብ ነው ያተምኩት።" መልሱ ከእስር ያድናቸዋል፤ ምክንያቱም ሐሰተኛ ሰነድ የማዘጋጀት ወንጀል ታስቦ የሚሠራ ነው፣ ቸልተኝነት ደግሞ ሕጉ በግልጽ ያስቀጣል ካላለ በቀር አያስቀጣም። እኔ ግን ይህ መከላከያ በአክስቴ ወረቀት ላይ ይሠራል ብዬ አላምንም። ከግርጌ ያለችውን ዓረፍተ ነገር እንደገና ተመልከቷት። ሊቀ መንበሩ "ስጦታው እውነት ነው" አላለም። "ተነቦላቸው በፊታችን አሻራቸውን አኖሩ" ነው ያለው። መነበቡን ወይም አለመነበቡን ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ምስክሩ ክፍሉ ውስጥ መኖሩን ወይም አለመኖሩን በገዛ ዓይኑ ያየ ሰው ነው። ወረቀቱን አላነበብኩም ያለ ሰው፣ ለአክስቴ እንዳልተነበበ እያወቀ "ተነቧል" ብሎ አትሟል ማለት ነው። ሥራ መብዛቱ ይህን እንዳያውቅ አላደረገውም። ማንን ለመጥቀም ብሎ እንዳደረገው በምርመራ ይጣራ፤ ነገር ግን "አላነበብኩም" በሚለው ቃል ብቻ መዝገብ አይዘጋ።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንደ አክስቴ ላሉ ሰዎች ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ጥበቃ አስቀምጧል። አንቀጽ 1728 ማየት የተሳነው ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ያኖረው አሻራ፣ ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ በሥራው ላይ ሆኖ ካልተረጋገጠ እንደማያስገድደው ይናገራል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ ደግሞ በአንቀጽ 2443 መሠረት እንደ ግልጽ ኑዛዜ ሥርዓት መደረግ አለበት። ግልጽ ኑዛዜ ደግሞ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ካልተነበበ፣ መነበቡም ራሱ በጽሑፉ ላይ ካልሰፈረ ዋጋ የለውም፤ አንዱ ምስክር ዳኛ ወይም ሥልጣን የተሰጠው አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። ሕግ አውጪው ንባብን ያስገደደው ማንበብ የማትችልን እናት አስቦ ነው። የክልላችን የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 252/2009 የራሱ የስጦታና የምዝገባ ሥርዓት አለው፤ የትኛው ሥርዓት ይቀድማል የሚለውን ክርክር ለጠበቆች ልተወው። የእኔ ጥያቄ የትኛውም ሥርዓት ቢሠራ ማንበብ ለማይችል ሰው ሳይነበብ የሚታተም ወረቀት እንዳይኖር ነው።

እዚህ ላይ እኛንም የሚነካ አንድ ነገር ልናገር፤ እውነቱን ካልተናገርኩ ደብዳቤው ጎዶሎ ይሆናል። መሬት በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ የሕዝብ ከሆነ ጀምሮ መሸጥ ክልክል ነው፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 ይኸንኑ አጽንቷል። ሆኖም በተለይ ከተሞቻችን ወደ ገጠሩ እየሰፉ በመጡባቸው አካባቢዎች ሰው ይሸጣል፣ ሰው ይገዛል። ገንዘቡ ይቆጠርና ወረቀቱ ላይ "ስጦታ" ወይም "የረጅም ጊዜ ኪራይ" ተብሎ ይጻፋል። ሻጩም ገዢውም፣ ምስክሩም ጸሐፊውም የተጻፈው እንዳልሆነ ያውቃሉ። እኔም እንዲህ ያሉ ወረቀቶች እንድጽፍ ተለምኛለሁ። አንዳንዱን ሳላውቅ፣ አንዳንዱን ጠርጥሬ ጽፌያለሁ፤ ያንን ዛሬ እንደ ጥፋት እቆጥረዋለሁ። ምክንያቱም ቀበሌ ውስጥ "ስጦታ" የሚለው ቃል ስጦታ ማለት መሆኑ ቀርቷል። ጸሐፊው በዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ሁሉም ተስማምቶ የዋሸበትን ወረቀት አትሟል። ከዚያ መካከል አንዷ አሮጊት ሳታውቅ የገባችበት ቢመጣ ከሌሎቹ በምን ይለየዋል? ከዋሹት ጋር ያልዋሸችው አብራ ታተመች።

ስለ ቅጣቱም ልበል። ባየኋቸው መዝገቦች አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰረው ወረቀቱን ይዞ የተገኘው ነው። የሐሰት የትምህርት ማስረጃ ይዞ ሥራ የገባ ወጣት ይያዛል፤ ማስረጃውን ያተመለት አይያዝም። በሐሰተኛ ሰነድ የተገለገለ ሰው ሐሰተኛነቱን እያወቀ ከተጠቀመ ይቀጣል፣ ይገባልም። ነገር ግን ከጀርባው ያሉት ጉዳይ ገዳይ፣ ጸሐፊ፣ ሐሰተኛ ምስክርና አታሚ በመዝገቡ ላይ "ያልተያዘ" ተብለው ይቀራሉ። ቀላል እስራት በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው፣ ጽኑ እስራት ከ1 ዓመት እስከ 25 ዓመት ይደርሳል። በዚህ ሰፊ ወሰን ውስጥ ዳኛው የት ላይ እንደሚቆም የሚወስነው የጥፋተኛው ማንነትና የጥፋቱ ክብደት ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 84 በእምነት የተሰጠውን ሥልጣን ወይም አደራ ያለአግባብ የተጠቀመ ሰው ቅጣቱ እንዲከብድበት ያዛል። ማኅተም በእጁ የተሰጠው ሰው ከዚህ በላይ ምን ሊሆን ነው? ወረቀቱን አሠርቶ መሬቱን የያዘው ሰው ደግሞ የሐሰት ሰነድ ብቻ ሳይሆን በአንቀጽ 692 አታላይነትም ሊጠየቅ ይችላል። በአንድ ክስ ላይ ሁለቱን አብሮ ማየት ያልተለመደ አይደለም፤ በእኛ በኩል ግን ብዙ ጊዜ አንዱ ቀርቶ ሌላው ብቻ ይቀርባል።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ሳያውቀው ያልፈዋል። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ዐቃቤ ሕግ ክስ አልመሠርትም ካለ ውሳኔውን ምክንያቱን ገልጾ በጽሑፍ መስጠት አለበት። በማስረጃ ማነስ ተዘግቶ ጥፋቱ ያለ ግል አቤቱታ የሚያስከስስ ከሆነ ተበዳይ ውሳኔው በደረሰው በ15 ቀን ውስጥ ክስ እንዲመሠረት ትእዛዝ ሊጠይቅ ይችላል። አክስቴ ግን መዝገቡ መዘጋቱን የሰሙት በቃል ነው፤ በወረቀት የደረሳቸው ነገር የለም። ከመንዝ ወርዶ ጥያቄ ማቅረብ የነበረበት ሰው 15 ቀኑ መጀመሩን ሳያውቅ አለፈው። ደብረ ብርሃን ላይ ለሚኖር ሰው 15 ቀን ሰፊ ነው፤ ግሼ ራቤል ወይም መርሐ ቤቴ ላለ ገበሬ የአንድ ገበያና የአንድ ዝናብ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ዐቃቤ ሕጎች ሆይ፣ ስትዘጉ በጽሑፍ ዝጉ፣ ጽሑፉም በተበዳዩ እጅ ይግባ፣ በቀበሌ በኩል ይድረሰው ብላችሁ አትተዉት። ቀበሌው ራሱ ተጠርጣሪ ያለበት ጉዳይ ነውና።

ማስረጃ የሚጠፋበትም መንገድ አለ። ለፊርማና ለአሻራ ምርመራ የሚያስፈልገው ዋናው ሰነድ ነው፤ ፎቶ ኮፒ ብዙ አይጠቅምም። ዋናው ወረቀት አቤቱታ ከቀረበ በኋላ በተጠርጣሪው እጅ ወይም በቀበሌው መሳቢያ ሲቆይ አይቻለሁ። የመሬቱ ባሕር መዝገብ፣ ማለትም ይዞታ የሚመዘገብበት ትልቁ መዝገብ፣ ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ምስክር ነው። በባለይዞታው እጅ ያለው ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶ ይኖራል፤ ባሕር መዝገቡ ላይ ያለው ስም ከደብተሩ ካልገጠመ፣ ገጹ ላይ ያለው የቀለም ዓይነት ከላይና ከታች ካሉት ከተለየ ያ ራሱ የሚነግረው አለ። አቤቱታ በቀረበ ቀን ዋናው ሰነድና የባሕር መዝገቡ ገጽ በመርማሪው እጅ ይግባ። ሳምንት ሲሰነብት ያልነበረ መስመር ይጨመራል፣ የነበረ ገጽ ይጎድላል።

ዳኞች ሆይ፣ በፍትሐ ብሔር የይዞታ ክርክር ላይ ተከራካሪ "ሰነዱ ሐሰት ነው" ሲላችሁ የወንጀሉ መዝገብ እስኪያልቅ ብላችሁ ስትቀጥሩ፣ ወንጀሉ ደግሞ የፍትሐ ብሔሩን ሲጠብቅ አሮጊቷ በሁለቱ መካከል ሦስት ዘር ታሳልፋለች። በመንዝ የበልግ ዝናብ ካልያዘ ዓመቱ ከንቱ ይቀራል፤ መሬቱም አብሮ ከተያዘ ደግሞ ለአሮጊቷ ምንም አይቀርላትም። ቢያንስ ጉዳዩ እስኪለይ ማን ያርስ የሚለውን በትእዛዝ ወስኑ።

በምስክርነት ለምትፈርሙ ወገኖቼም እላለሁ። አንዳንዶቻችሁ "ለዘመድ ነው"፣ አንዳንዶቻችሁ "ሊቀ መንበሩ አዝዞኝ ነው" ትላላችሁ። በርስትና በሚስት ቀልድ የለም ብለው አያቶቻችሁ ነግረዋችኋል፤ ምስክር ሆኖ ሳይሰሙ መፈረም በሰው ርስት መቀለድ ነው። ሲጠሯችሁ በቦታው ተገኙ፣ ጮክ ተብሎ ይነበብ በሉ፣ የባለመሬቷን ፊት ተመልከቱ፣ "ገብቶሻል ወይ እቴ?" ብላችሁ ጠይቁ። ጸሐፊው አላነብም ካለ አትፈርሙ። አሻራችሁን የምታኖሩ እናቶችና አባቶችም ልጃችሁን ወይም ትምህርት ቤት የሚሄድ የጎረቤት ልጅ ይዛችሁ ሂዱ። ስምንተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ "ስጦታ" የሚለውን ቃል ያነበዋል።

ከሁሉ በላይ የምለምነው የአክስቴ ዓይነት መዝገብ፣ ማኅተሙና አሻራው እውነተኛ ሆኖ ስለተገኘ ብቻ የተዘጋው፣ በዞናችን ስንት እንደሆነ ተቆጥሮ እንደገና እንዲታይ ነው። ለእያንዳንዱ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ "ተነቦላቸው" የሚለው መስመር እውነት ነው ወይ? ምስክሮቹ ለየብቻ ይጠሩና ይህ አንዱ ብቻ ይጠየቁ።

አክስቴ አሁንም በጓሳ ሣር በተከደነችው ቤታቸው ውስጥ ናቸው። አረንጓዴ የመሬት ደብተራቸውን ከሟች ባላቸው ፎቶ ጋር በፌስታል ጠቅልለው ከመቀመጫቸው ሥር አኑረውታል። ባለፈው ስጠይቃቸው "እነሱ ወረቀቱን አላነበቡልኝም፣ አንተ ግን ደብዳቤህን ስትልክ መጀመሪያ ለእኔ አንብብልኝ" አሉኝ። ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቤላቸዋለሁ። ምስክሩ በዚያ ቀን ሕክምና ላይ ነበር የሚለውን ሲሰሙ አስቆሙኝና "የሄደበትን ቀን ጨምርበት፤ ጥቅምት 12 ቀን ነው፣ የሄደውም ከእኔ ልጅ ጋር በአንድ መኪና ነው" አሉኝ። ይኸው ጨምሬዋለሁ።